የካቻቪቴው ክዳን

ኒሎ ክዳኖቹን የገጠመበትን ቀን ሊሳሳት ይችላል። ማክሰኞ ይመስለዋል፤ በረዶው መቅለጥ የጀመረበት ሳምንት ነበር።

ከታምፔሬ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ፋብሪካ የሳውና ምድጃ መቆጣጠሪያ ይገጣጥማል። ብሎን የሚጠብቀው በኤሌክትሪክ ካቻቪቴ ነው። ፍጥነቱ ከአራት ካለፈ የመቆጣጠሪያው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማንም የፍጥነት ማዞሪያውን እንዳይነካ ኒሎ በየካቻቪቴው ላይ ክዳን እንዲገጥም ታዘዘ። ማዞሪያውን አራት ላይ ያደርጋል፤ ክዳኑን ጫን ብሎ፣ ቀጭ እስኪል ወደ ቀኝ አዙሮ ይዘጋል። ለሁሉም ገጥሞ ሲጨርስ አንዱን ካቻቪቴ ከነክዳኑ ለመጠባበቂያ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

"ስንት ዘመን ፍጥነቴን የመረጠችው እጄ ናት" አለች ራይሊ፣ የሠራተኞቹ አንጋፋ፣ በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ። "አሁን እንደ ሕፃን መድኃኒት ሊከደንብኝ? ይሄ ስድብ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፎርማኑ ቬይኮ አልሳቀም።

"የእሷን በየጠዋቱ ክፈትና እይ" አለው ኒሎን።

በማግስቱ ኒሎ ከፍቶ አየ። አምስት። ዓይኑን ተጠራጥሮ ባትሪ አብርቶ ደገመው። አምስት ነው። ወደ አራት መልሶ፣ አጥብቆ ዘጋው። በሚቀጥለው ጠዋትም አምስት።

ክዳኑ የሚከፈተው ኒሎ አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ቁልፍ ነው። ራይሊ ግን በቡና እረፍት ኪሮሽ ትሠራለች፤ የኪሮሿ ጫፍ ቀጭን፣ ቆልማማ ነው።

ስንጥቁ ከሌሎቹ ጠረጴዛዎችም መምጣቱን አላቆመም።

"ሌሎቹም እሷን አይተው ነው" አለ ቬይኮ።

"አንተ ልጅ፣ ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ የምትነካካው" ትለዋለች ራይሊ፣ ኒሎ ቁልፉን ይዞ በመጣ ቁጥር።

አርብ ዕለት ቬይኮ ወረቀት ይዞ መጣ። "ጡረታሽ ደርሷል። ነካሁ ብለሽ ፈርሚና በማስጠንቀቂያ እለፊ። አለበለዚያ ዛሬ የመጨረሻሽ ነው።"

"በውሸት ፊርማ ከሚመጣ ጡረታ ባዶ ቤቴ ይሻለኛል።" ወደ ኒሎ ዞረች። "አንተስ? ስነካ አይተኸኛል?"

"ቁጥሩን አይቻለሁ" አለ ኒሎ ቀስ ብሎ።

"ቁጥሩንማ እኔም ባየው ደስ ባለኝ። ክዳን አለበት።"

ኪሮሿን አውጥታ ቬይኮ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። "እንካ፣ ክፈትበት።"

ቬይኮ አልሞከረም። ራይሊ ቱታዋን አወለቀች፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችው፤ በፊት ለፊቱ በር፣ በሰው ሁሉ መሃል ወጣች።

ሰኞ ተተኪዋ መጣች። ራይሊ የምትሠራበት ካቻቪቴ ለምርመራ ተወስዶ ስለነበር ኒሎ መሳቢያውን ከፍቶ መጠባበቂያውን አወጣ። እንደ ልማዱ፣ ከመስጠቱ በፊት ክዳኑን ፈታ።

የመሳቢያው ቁልፍ ከእሱ በቀር ማንም ጋ እንደሌለ ኋላ መጋዘን ድረስ ሄዶ አረጋግጧል፤ ማዞሪያው ግን አምስት ላይ ነበር። ወደ አራት መልሶ፣ ክዳኑን ጫን ብሎ ቀጭ እስኪል ወደ ቀኝ አዞረና ወዲያው ከፈተው፤ አምስት።