አምባሩ ከወለቀ በኋላ

ደንቡ አንድ ነው፤ አምባሩ ክንዴ ላይ እስካለ ድረስ እጆቼ የእትዬ ዘውድነሽ ናቸው። ከአንገታቸው በታች ሰውነታቸው ስለማይታዘዝላቸው፣ እሳቸው ሲያስቡ የእኔ እጆች ፊታቸውን ያጥባሉ፣ ያጎርሷቸዋል። እኩለ ቀን ላይ አምባሩን አውልቄ፣ እጆቼን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እስከ ትናንት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ልጄን ፌቨንን ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ ጸጉሯን ልሠራት ጀመርኩ። እኔ ከአልባሶ ሌላ አልችልም። ጣቶቼ ግን ሳላዛቸው እንደ ክር የቀጠነ ሹሩባ ጎነጎኑላት። መስታወት አይታ፣ "እማዬ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?" አለችኝ።

እትዬ ዘውድነሽ ከአደጋው በፊት ጸጉር ሠሪ ነበሩ።

ዛሬ አምባሩን አውልቄ ቦርሳዬን እንዳነሳሁ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ ሰዓቴ ሲያልቅ እጄን ይለቁልኛል አይደል?"

"ምን ልሠራበት ብለሽ ነው?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መልሱ አልጣመኝም፤ ቢሆንም ወጣሁ። በሩን ልዘጋ ስል ጠሩኝ።

"ግንባሯ ጋ ጸጉሯ ስስ ነው፤ ስትሠሪያት አታጥብቂባት።"

ልጅ እንዳለኝ ነግሬያቸው አላውቅም።