የካፒቴኑ ሳጥን

ካፒቴን ሲግቫርት ሃውገ የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንን ሳለ ሕጉ አንድ ነበር፤ ካፒቴን ከመርከቡ የሚወርደው ከሁሉም በኋላ ነው። የወርቅ ጥልፉን አውልቆ የደቡብ ዋልታን ሊያስስ ሲመጣም ሕጉን አልተወም።

አሁን «ሄልጋ»ን በረዶው ጥርቅም አድርጎ ይዟታል። ክረምት ነው፤ ፀሐይ ጠፍታለች፤ የመርከቧ ጎን ሌት ተቀን ያቃስታል። የስንቅ ቤቱ ቁልፍ ከካፒቴኑ አንገት ወርዶ ስለማያውቅ ምን እንደቀረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ስንቁ በጋ ያደርሰናል?» አለው ምክትሉ ቶርሌፍ።

«ሁላችንንም አያደርስም።»

መርከበኞቹ በሾርባው ቅጥነት ወጥ ሠሪውን ጉንቫልድን ሲሰድቡት ካፒቴኑ ይስቅ ነበር። «ተዋቸው ይርገሙህ። የሚረግመው ያለው ሰው ቶሎ አይሞትም።»

አንድ ጠዋት በፋኖስ ብርሃን ካፒቴኑን በረዶው ላይ አገኙት። በበረዶ ላይ በሚጎተተው ሸርተቴ ላይ ክዳኑ በሚስማር የተመታ የሥጋ ሳጥን አስሯል፤ ገመዱን ትከሻው ላይ አግብቷል።

«ወዴት ነው ካፒቴን?»

«ወደ ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ ሰፈር። እርዳታ አመጣለሁ። ብቻዬን እፈጥናለሁ።» ቁልፉን ለቶርሌፍ ወረወረለት።

ጉንቫልድ ሳጥኑን ሊያነሳ ሞክሮ አቃተው። «ይሄ ሁሉ ሥጋ ለአንድ ሆድ? አይጥ እንኳ ሳይወርድ ካፒቴኑ ወረደ!»

ካፒቴኑ ሸርተቴውን እየጎተተ ጨለማው ውስጥ ገባ።

ቶርሌፍ እንደ አባቱ ያከብረው ነበርና አንጀቱ አረረ። «ኖሬ ፊቱ ላይ ካልተፋሁ!» ብሎ ማለ።

ክረምቱን ሙሉ ረገሙት። ከአልጋ አልነሣም ያለው በሽተኛ እንኳ ለእርግማኑ ቀና ይል ነበር። ስንቅ ቤቱ ቶርሌፍ ከፈራው ይልቅ ሞላ ብሎ ተገኘ፤ በቁጠባው ደግሞ አብቃቃው።

በጋ ገባ፤ በረዶው ተሰነጠቀ፤ «ሄልጋ» ተንሳፈፈች። ገና ጉዞ ሳይጀምሩ፣ ከመርከቧ ብዙም ከማይርቀው የበረዶ ቁልል ጀርባ ሸርተቴው ታየ። ካፒቴኑ ገመዱ ትከሻው ላይ እንዳለ ሳጥኑን ተደግፎ ደርቋል።

«እግዜር ፈርዷል፤» አለ ጉንቫልድ መጥረቢያውን እያነሣ። «ሥጋውን ግን አንተውለትም።»

ቶርሌፍ ሊተፋ ቀረበ። ክዳኑ ተገነጠለ።

ሳጥኑ እስከ አፉ ድንጋይ ነበር።