ለእንግዳ የሚታየው ፕሮግራም

«አባዬ፣ ላፕቶፑን ልቀቀው!» ትላለች ዳያሚ።

አልለቅም። ወይዘሮ ኢዳልሚስ ደረጃውን እየወጡ ነው፤ ሲያለከልኩ ይሰማኛል። የሰፈራችንን የውኃ ቦቴ የሚያሰማሩት እሳቸው ናቸው። ቦቴው መቼ እንደሚመጣ ለሰው የሚናገር የስልክ አፕ ፈልገው የልጄን ሥራ ሊያዩ ነው የመጡት። ከወደዱት የከተማችን የሳንቲያጎ ሰፈሮች ሁሉ ሥራ የሷ ነው፤ ካልወደዱት እሱም አፕ የሚሠራው የሬኒየር ልጅ ይወስደዋል።

እና ይቺ ልጅ ምን ልታሳያቸው ነው? ባዶ ገጽ! ድረ ገጽ መሥራት ድሮም ታውቃለች፤ የስልክ አፕ ግን ገና ዘንድሮ ነው መማር የጀመረችው። ኮድ ለመጻፍ የመረጠችው ፕሮግራም ደግሞ ደብዳቤ እንኳ የማይጻፍበት የሚመስል፣ ነጭ ብቻ የሆነ ነገር ነው። መሐንዲሶቹ የሚሠሩበትን ትልቁን ፕሮግራም፣ ሀርድ ዲስክ በኪሴ ይዤ ከተማውን ዞሬ አስገልብጬላታለሁ። አንድ ጊዜ ከፍታ ዘጋችው።

«ለእንግዳ ስትይ እንኳ ክፈቺው» እላታለሁ። «የሬኒየር ልጅ ስክሪን አውሮፕላን የሚያበር ነው የሚመስለው። አንቺ ከሱ በምን ታንሻለሽ?»

«ለታይታ ነው እንዴ የምሠራው? ይሄ ላፕቶፕ አይችለውም፤ ባትሪውን ይጨርሰዋል።»

«ክፈቺ ብዬሻለሁ!»

ትከፍተዋለች፤ ለኔ ብላ።

ወይዘሮ ኢዳልሚስ ራሳቸውን እያራገቡ ይቀመጣሉ። ስክሪኑ በቁልፍና በቀለም ይሞላል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ደረቴን ነፍቻለሁ። ወዲያው መብራት ድርግም ይላል። መንገዱ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» ሲል ይሰማል። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ትልቁ ፕሮግራም ግን ገና «በመዘጋጀት ላይ» ነው። ባትሪው ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ።

«እናንተ ቤት መብራት ሲጠፋ ሥራም ይጠፋል ማለት ነው?» ይላሉ ወይዘሮ ኢዳልሚስ።

ዳያሚ ዞር ብላ አታየኝም። «ያስከፈተኝ አባቴ ነው» ማለት ትችላለች፤ አትልም።

«ዝጊው» እላለሁ። «ወይዘሮ ኢዳልሚስ፣ በግድ ያስከፈትኳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ፊት እንዲያምርልኝ። የሷ ሌላ ነው። በራስሽ ሥሪ፣ ልጄ።»

ትዘጋዋለች። ጩኸቱ ጸጥ ይላል፤ ነጩ ገጽ ዓይን ሳይርገበገብ ይከፈታል። ስልኳን በገመድ አገናኝታ አፑን ታሳያቸዋለች።

«ፊደሉ ደቃቃ ነው» ይላሉ ወይዘሮዋ። «እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቦቴው ካመለጣት ሳምንቱን ጎረቤት ስትለምን ነው የምትከርመው። እሷ ካላነበበችው ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

«አሁኑኑ ላሳድገው።»

አንድ ቁጥር ትቀይራለች፤ ለውጡን ወደ ስልኩ የሚልከውን ትእዛዝ በእጇ ትጽፋለች። ስልኩ አጭር ድምፅ ያሰማል። ፊደሉ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፦ «ውኃ ዛሬ 11 ሰዓት»። ለሙከራ የጻፈችው ነው።

ወይዘሮ ኢዳልሚስ ስልኩን ነጥቀው ወደ በሩ ይወጣሉ። ጎረቤታችን እማማ ኤውሎሂያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እስቲ ያለ መነጽር ያንብቡልኝ።»

እማማ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ያዩታል። «ውኃ… ዛሬ… አሥራ አንድ ሰዓት!» ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረው ይጮኻሉ። «ኧረ ጎበዝ! ውኃ ሊመጣ ነው! አሥራ አንድ ሰዓት!»

በሮች ይከፈታሉ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ይወጣል።

«ሙከራ ነው! ሙከራ ነው እኮ!» ትላለች ዳያሚ ሮጣ ወጥታ።

ማን ይስማት! በራዲዮ ሲነገረው ባልዲ የማያነሳ ሰፈር በልጄ ቃል ተሰልፏል። «የኔ ልጅ ናት የሠራችው!» እላለሁ ለወጪ ወራጁ።

ወይዘሮ ኢዳልሚስ እስከ ታችኛው ጥግ የደረሰውን ሰልፍ ያያሉ፤ ዳያሚን ያያሉ። ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ለቦቴው ሹፌር ይደውላሉ።

«ኦስማኒ፣ ቦቴውን ይዘህ ወደዚህ ውጣ… የምን ተራቸው አይደለም ነው? ተጽፏል እኮ!»