አራት ለአንድ

«አንተ ፊደል ያልቆጠርክ ደንቆሮ» ብሎ ሰውየውን የሰደበው የጣሊያን አስተርጓሚው ደጋጋ ነው፤ ያውም በጥቅምት ሚካኤል ለት፣ ቂርቆስ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰውየው መልሱን ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ሲያላምጠው ከረመ። አሁን ይኸው ደጋጋ አንገቱን አቅፎ ይስመው ጀመር።

ካዛንቺስ ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች አስካሪ የሚባሉትን የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች በእግር ኳስ አራት ለአንድ አሸንፈው ነበር። ሜዳውን የከበቡት ጣሊያኖች መጮህ ስለከለከሉ ተመልካቹ መዳፉ እስኪቃጠል አጨበጨበ፤ የማይተዋወቀው ሁሉ ተቃቀፈ። አራተኛዋ ጎል ስትገባ ብቻ፣ አንድ ሰው ከኋላ «አገሬ! አገሬ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

«አይ ወንድሜ፣ ምን ያለ ቀን ነው!» አለ ደጋጋ። እንባው የእውነት ይመስል ነበር፤ የሰውየውን ክንድ ግን ጨብጦ አልለቀቀም። «ለመሆኑ ያ የጮኸው ጀግና ማነው? አንተ ከኋላ ነበርክ አይደል? ግንባሩን ልስመው እኮ ነው።»

ዓመት ሙሉ ያላመጠው መልስ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ግን የዘጋው ድምፁ ያሳብቅበታል። ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ቁልቁል ሄደ።