ያልተነሳው ቦታ

በደመና የተሸፈነችውን የሳተርን ጨረቃ ገጽ ሁለት ተመራማሪዎች በዓይነት በዓይነቱ ይለያሉ። እሷ በራዳሩ ምስል የመሬቱን ልስላሴና ሻካራነት ታያለች፤ ባልደረባዋ አምሳሉ በኢንፍራሬዱ ምስል መሬቱ ከምን እንደተሠራ ያያል። ከዚያ እያንዳንዱን ቦታ ሐይቅ፣ አሸዋ ወይም ተራራ ብለው ለየብቻ ምልክት ያደርጋሉ። ውጤቱ የሚታመነው ሳይነጋገሩ ሲስማሙ ብቻ ነው። ምልክቶቹ ያሉት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከመተማመን በቀር ቁልፍ የላቸውም።

በዚህ ዓመት አንድም ቦታ ላይ አልተለያዩም።

«እኛ እኮ መጋባት ነበረብን» ይላታል አምሳሉ።

«ባልና ሚስት እንዲህ አይስማሙም» ትለዋለች።

የሦስት ዓመት ሥራቸው ለኅትመት ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው የራሷን ስህተት አገኘች። ራዳሩ ጨርሶ ያላነሳውን፣ በምስሉ ላይ ባዶ ጥቁር ሆኖ የቀረውን ቦታ እጇ ስቶ «ሐይቅ» ብላዋለች። ከማረሟ በፊት የአምሳሉን ምልክት ከፈተች። እሱም «ሐይቅ» ብሎታል። የእሱን ምስል አወጣች። በኢንፍራሬዱ ቦታው ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው፤ ማንም አይስተውም።

«አምሴ፣ እስቲ ይሄን ቦታ እየው» አለችው።

የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጁ እየዳበሰ መጣ። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ወደ ምስሉ ተጠጋ።

«አንቺ ምን አልሽው?» አላት።