የሌላ ሰው ሳል

«ተማሪ አልቀበልም» ትላለች ሲስተር ታንዴካ፣ የሙቀት መለኪያውን ከሰልፈኛው ግንባር ሳታነሳ።

ደስታነሽ ከክሊኒኩ በር ንቅንቅ አትልም። ያልጠየቀችው ክሊኒክ የለም፤ ሁሉም በዚህ ወረርሽኝ ተማሪ አናስገባም ብለው መልሰዋታል። መርምራ መድኃኒት የምታዝዝ ነርስ ለመሆን የጀመረችው ትምህርት የክፍል ውስጡ አልቋል። የቀረው ልምድ ባላት ነርስ ሥር ሆኖ በሽተኛ ማየት ነው። ነርሷን ራስሽ ፈልጊ ተብላለች። እስከ ዓርብ ካላገኘች ዓመቱ ይቃጠልባታል።

«ባለፈው ክረምት የተቀበልኳት ልጅ በሽታውን ይዛብኝ ገባች» ትላለች ሲስተር። «እሷ ዳነች። ካርድ የምታወጣልኝ ሴትዮ ግን ሞተች።»



ተራው የደረሰው ሰውዬ ደረቱን እየነካ፣ ግማሽ በዙሉ ግማሽ በእንግሊዝኛ ይንተባተባል። ደስታነሽ ፊቱን ስታይ ያገሯ ሰው ነው።

«አማርኛ ትችላለህ ወንድሜ?»

«እሱን እንኳ አላጣም።» ዱካሞ ይባላል፤ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው።

ሲስተር አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች። «እሺ ግቢ። የሚለውን ብቻ ንገሪኝ።»

ትንፋሽ ያጥረኛል ይላል ዱካሞ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏል፤ ሌሊት ተጋድሞ መተኛት አይቻልም፤ ከትናንት ወዲህ ከንፈር ጠቁሯል። ደስታነሽ አንድም ሳታስቀር ትተረጉማለች። ሲስተር የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ትሰካለች፤ ዘጠና ስምንት፣ የጤነኛ ሰው ልክ። ጀርባውን ታዳምጣለች፤ ሳንባው ንጹህ ነው።

«የሚያወራውና የማየው አይገናኝም።»

ደስታነሽም ይህንኑ እያሰበች ነው። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲናገር አንዴም ለትንፋሽ አላረፈም። ዝቅ ብላ በአማርኛ፣ «የታመመው ማነው?» ትለዋለች።

ዱካሞ መሬት መሬት ያያል። «ታናሼ ነው። ሱቁ ጓዳ ተኝቷል። የመኖሪያ ፈቃድ ፔፐሩ አልፎበታል፤ ሆስፒታል ብወስደው ይይዙታል። ሰፈሩ በሽታ መግባቱን ከሰማ ደግሞ ሱቁም አይተርፍልን። እህቴ፣ በእናትሽ አትንገሪያት። መድኃኒቱን በኔ ስም ትዘዝልኝ፣ እኔ እወስድለታለሁ።»

«ምን አለ?» ትላለች ሲስተር።

ዝም ብትል ሰውዬው የሳል ሽሮፕ ይዞ፣ መርቋት ይሄዳል። ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ግን በሽሮፕ አይድንም።

«ልነግራት ነው» ትለዋለች። «ከጀርባህ እንዳይሆን ብዬ ነው ቀድሜ የምነግርህ።»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ!» ይላል ዱካሞ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ትናገራለች፤ ጓዳውንም፣ ፔፐሩንም፣ አትንገሪያት መባሏንም። ሲስተር ስልኳን ታወጣለች።

«ዛሬውኑ ኦክስጅን ካላገኘ ይሞታል በይው። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የማውቃት ነርስ አለች፤ አሁን እደውልላታለሁ፣ ወረቀት ሳትጠይቅ ትቀበለዋለች። መኪና አለው?»

የጓደኛ ባኪ፣ ትንሽ የጭነት መኪና፣ አለ ይላል ዱካሞ። የሚያየው ሲስተርን ብቻ ነው። የሆስፒታሉን ስም አስደግሞ ይወጣል።

ሲስተር ስልኩን ደውላ ስትጨርስ እጇን በአልኮል ታሻለች፤ ሲደርቅ እንደገና ታሻለች።

«ያቺ የባለፈው ክረምት ልጅ ሳል ሲጀምራት አውቃ ነበር» ትላለች። «ተማሪነቴ ይቀርብኛል ብላ ደበቀችኝ።» ከዚያ የበሩን እጀታ መወልወል ትጀምራለች። «ሰኞ ጠዋት ነይ። የማዳመጫ መሣሪያሽን ያዢ፣ የኔን አላውስም።»

ደስታነሽ ስትወጣ ዱካሞ ግንቡን ተደግፎ ስልክ ላይ ነው። የሚጮኸው በሀዲይኛ ነው፣ እሷ የማትሰማው ቋንቋ። ሲያያት ጀርባውን ያዞርባታል። ከሚለው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ትለያለች፤ ኦክስጅን ይላል፣ ወዲያ ማዶ ያለው እስኪሰማው ድረስ እየደጋገመ።