ሁለት መስመር ከስሙ በታች

በጦርነቱ ሦስተኛ ዓመት፣ በአንድ የኤዲንብራ ማተሚያ ቤት፣ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ለኅትመት ፊደል በፊደል ይለቀም ነበር፤ ወደ ጦር ሜዳ የሄዱ የቀድሞ ተማሪዎች ስም ዝርዝር። ደንቡ አጭር ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም በተራው ፊደል ይወጣል። የሞተ ሰው ስም በትንሹ ካፒታል ይወጣል፤ መልኩ እንደ ትልቁ ፊደል፣ ቁመቱ ግን ከተራው የማይበልጥ። ትልቁ ካፒታል በመስመር መሀል ይጮኻል። ትንሹ ሳይጮኽ ይለያል። ለሙታን የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

ረቂቁ ላይ ከስሙ በታች ሁለት የእርሳስ መስመር ካለ ፊደል ለቃሚው ትንሹን ካፒታል ያነሳል። ምክንያቱን አይጠይቅም።

ማክሰኞ ጠዋት የክፍሉ አለቃ ሞዋት የእርማት ወረቀቱን ይዞ ከለቃሚዋ ከቲኒ ጉርሌይ የፊደል ሳጥን አጠገብ ቆመ።

«ካርስዌልን ለሁለተኛ ጊዜ ገድለሽዋል» አለ።

ቲኒ እጇን ከፊደሉ አላነሳችም። «እኔ አይደለሁም፤ ረቂቁ ነው።»

«አራሚው ሚስተር ታሎክ አርመው መለሱልሽ። አንቺ ‹ረቂቁን ይመልከቱ› ብለሽ ጽፈሽ ሰደድሽላቸው። ለሚስተር ታሎክ።»

ከማዶ ሌላው ለቃሚ ገዴስ ሳቀ። «በልቧ የሹራቧን ዙር እየቆጠረች ተምታቶባት ይሆናል።»

«አንተስ ባለፈው ሳምንት የጳጳሱን ስም በጭንቅላቱ ስታቆመው ምን እየቆጠርክ ነበር?» አለችው ቲኒ።

ገዴስና የለቃሚዎቹ ማኅበር ከእንግዲህ ሴት ለቃሚ እንዳይቀጠር ካስወሰኑ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የቀሩት ሴቶች አንድ በአንድ እስኪወጡ ነው የሚጠበቀው። ቲኒ ከዚህ ብትወጣ የሚቀበላት ሌላ ማተሚያ ቤት የለም።

የአራሚው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ሚስተር ታሎክ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ስህተት አላለፋቸውም ይባላል። ምሳቸውን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ይበላሉ፤ የዳቦውን ቅርፊት ይበሉና ለስላሳውን ውስጡን ያስቀምጡታል። ላጲስ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ በወረቀቱ ኅዳግ የጻፉትን እርሳስ የሚያጠፉት በሱ ነው።

ሞዋት ቲኒን አስከትሎ ወጣና ረቂቁን እሳቸው ፊት ዘረጋው። ከካርስዌል በላይ ያለው ስም ሁለት መስመር አለው። ከካርስዌል በታች ያለውም አለው። ካርስዌል የለውም።

«ነበረው» አለች ቲኒ። «በዓይኔ ነው ያየሁት። ሦስት ተከታታይ ሆኑብኝና እጄ ቆም ብሎ ነበር።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ትምህርት ቤቱ ይጠየቅ።»

«ጠይቄያለሁ» አሉ ሚስተር ታሎክ፣ ቀና ሳይሉ። «ሰውየው ደኅና ነው።» ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ልጅቷን አታስጨንቃት፣ ሞዋት። ዓይን ይሳሳታል። ወደ ተራው ፊደል ትመልሰውና ይብቃ።»

«እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው ሞተ ብለን ብናትም ሚስቱ ታነበዋለች። ያን ቀን ምን እንላታለን?»

ሚስተር ታሎክ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

ሞዋት ወደ ቲኒ ዞረ። «ስህተቱ የኔ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። አለበለዚያ ቅዳሜ ዕቃሽን ትሰበስቢያለሽ። ስህተት ይቅር እላለሁ፤ ድርቅና ግን አልችልም።»

«ያላጠፋሁትን አልፈርምም። ገዴስ ያንን ወረቀት በፍሬም ያሰቅለዋል።»

ወደ በሩ ሄዳ ኮቷን ከሠራተኞች መስቀያ አውርዳ ለበሰች።

«ወዴት ነው?»

«ትምህርት ቤቱ። ራሴ ጠይቄ፣ በጽሑፍ አስደርጌ እመለሳለሁ።»

ሚስተር ታሎክ ከወንበራቸው ከፊል ተነሡ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

ቲኒ ደረጃውን ወረደች። ታች በሩ ላይ ሰማያዊ ባርኔጣ ያደረገች ወጣት ሴት በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወደ ላይ ታንጋጥጣለች።

«አራሚው ክፍል በዚህ ነው አይደል? የሚስተር ታሎክ ልጅ ነኝ። ምሳውን ረስቶ ወጣ።»

«ላይ ናቸው።»

«ሰሞኑን ልቡ እቤት የለም። ፖስተኛውን እንኳ ብርድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እሱ ሆኗል፤ እኔን ከደረጃው አያስወርደኝም።» የቲኒን ጣቶች አየችና ፈገግ አለች። «ለቃሚ ነሽ መሰለኝ፤ ጣትሽ ጠቁሯል። የትምህርት ቤቱን መዝገብ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ አሉ። የባሌ ስም አለበት። አባባን በምን ዓይነት ፊደል ነው የሚወጣው ብዬ ስጠይቀው፣ ሲታተም ታይዋለሽ ይለኛል።»

«ባለቤትሽ ማን ይባላል?»

«ካርስዌል።»

«በተራው ፊደል ነው፤ እኔው ነኝ የለቀምኩት» አለች ቲኒ፤ ኮቷንም እያወለቀች ልትፈርም ወደ ደረጃው ተመለሰች።